እትዬ ሃሎና ሃያ አራቱ ባዶ ኮምፒውተሮች

በሙያ ማሰልጠኛው ግቢ ውስጥ እውነተኛ ስሟ የሚገኘው የሰው ኃይል ክፍሉ ፋይል ውስጥ ብቻ ነበር። ከዘበኛው ጀምሮ እስከ ዳይሬክተሯ ድረስ የሚጠራት «እትዬ ሃሎ» ብሎ ነው። ስሙን ማን እንዳወጣላት አይታወቅም፤ ለምን እንደወጣላት ግን ሁሉም ያውቃል። በር ሲንኳኳ እንደ ሰው «ይግቡ» ወይም «ማነው?» አትልም። «ሃሎ!» ነው የምትለው፤ ረጋ ብላ፣ ድምጿን ሳታነሳ ሳትጥል፣ ልክ ከወዲያኛው ጫፍ የተቸገረ ሰው እንዳለ ሁሉ።

ልማዱ የመጣው ከስልክ ማዞሪያ ቤት ነው። በሃያ አንድ ዓመቷ ገብታ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ደፍታ፣ የገመድ ጫፍ ካንዱ ቀዳዳ እየነቀለች ሌላው ላይ ስትሰካ ኖረች። ከዚያ አንድ ጠዋት፣ በራሱ የሚያገናኝ ማሽን ተተከለና እሷን ጨምሮ አሥራ አንድ ሴቶች ደብዳቤ ደረሳቸው። የሷ ደብዳቤ ወደ ማሰልጠኛው ግምጃ ቤት ነበር የሚያዛውራት። ሁለት ዓመት ጠመኔና መጥረጊያ ስትቆጥር ከረመች። ስለዚያ ዘመን ስትጠየቅ «አፌ ሻገተ» ነው የምትለው፤ ቀኑን ሙሉ የሚያናግራት አልነበረም።

የኮምፒውተር ክፍሉ ሲከፈት ቁልፍ የሚይዝ ሰው ተፈለገና ለሷ ተሰጠ። ቁልፍ ያዥ ከፍቶ ከወጣ ማንም አይጠይቀውም። እሷ ግን ከፍታ አትወጣም፤ ከኋላ ወንበር ስባ ትቀመጣለች። አምስት ዓመት እንዲያ ስታዳምጥ ቆይታ፣ መምህሩ የተሻለ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ፣ ከተማሪዎቹ ሁሉ በላይ የገባት እሷ ሆና ተገኘች። «ሰው እስክንቀጥር፣ እስከዚያው እርስዎ ይዘውት ይቆዩ» አሏት። ያ «እስከዚያው» ይኸው ዘጠኝ ዓመት ሆነው።

ነገሩ የጀመረው አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ የጭነት መኪና ግቢ ገብቶ ሃያ አራት ኮምፒውተሮች ሲያራግፍ ነው። የለገሳቸው አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ነበር፤ ለራሱ አዲስ ገዝቶ አሮጌዎቹን «ለትምህርት ይሁኑ» ብሎ ላካቸው። ግቢው በደስታ ጦዘ። እስከዚያ ቀን በላብራቶሪው የሚሠሩት ዘጠኝ ብቻ ነበሩ፤ ሦስት ሦስት ተማሪ ባንድ ስክሪን ላይ ያፈጣል፣ አንዱ ሲጽፍ ሁለቱ በክርን ይጓሸማሉ። ከአምስት ሳምንት በኋላ ደግሞ የመጨረሻው ፈተና በኮምፒውተር እንዲሰጥ ተወስኗል።

ደስታው ከሰዓት በኋላ ላይ ቆመ። እትዬ ሃሎ የመጀመሪያውን አብርታ ብታየው ስክሪኑ ጥቁር ብቻ ሆነ፤ ጥግ ላይ አንድ ነጭ መስመር፣ «የምነሳበት ዲስክ አላገኘሁም» ይላል። መሥሪያ ቤቱ ከመላኩ በፊት ዲስኮቹን ሙልጭ አድርጎ አጥፍቷቸዋል። «ይሄማ ምን አላት» ብላ ሊኑክስ የሚባለውን፣ ኮምፒውተርን አስነስቶ የሚያሠራ ነፃ ፕሮግራም የጫነችበትን ፍላሽ ከቦርሳዋ አውጥታ ልትሰካ ስትል፣ የፍላሽ ቀዳዳዎቹ በሙጫ ተደፍነዋል። ሠራተኛ መረጃ ገልብጦ እንዳይወጣ ብለው ያፈሰሱት ሙጫ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። የሲዲው ቦታም ወልቆ በላዩ ላይ ባዶ ክዳን ተገጥሞበታል። ሁለተኛውን አዞረች፣ ያው። ሦስተኛውን፣ ያው። ሃያ አራቱም አፋቸው ተለጉሞ ነው የመጡት።

የግቢው ኤሌክትሪሽያን ተጠርቶ መጣ። አርባ ዓመት የሞላው ደህና ባለሙያ ነው፤ በቶሎ ስለሚቃጠል «ፊውዝ» ይሉታል፣ እሱም አይከፋውም።

«ስጦታ ነው እንዴ ይሄ?» አለ ሙጫውን በጥፍሩ እየቆረቆረ። «ቆሻሻቸውን አራግፈውብን ነው የሄዱት! ዲስኩን እያወጣን ሌላ ማሽን ላይ እንጫንበት።»

ሞከሩት። አንዱን ከፍቶ ዲስኩን ማውጣት ብቻ ግማሽ ቀን ፈጀ፤ ብሎኖቹ ዝገው አልፈታ አሉ፣ ክዳኑም ሲመለስ ወይ ፍንክች። ፊውዝ መፍቻውን ወርውሮ ወጣ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ተመልሶ መጥቶ መፍቻውን አነሳ።

ዳይሬክተሯ መጥታ አየችና ተነፈሰች። «እንግዲህ ኮምፒውተሮቹ ወደ ግምጃ ቤት ይግቡ፣ እትዬ ሃሎ። ምን እናደርጋለን?»

«ሁለት ሳምንት ይስጡኝ።»

«ምን ሊያደርጉ?»

«እሱን ገና አላውቅም» አለች እትዬ ሃሎ፤ እውነቷን ነበር።

በማግስቱ ብቻዋን ገብታ አንዱን ማሽን ታበራ ታጠፋ ጀመር። አምስት ጊዜ ያህል ካበራችው በኋላ ነው ልብ ያለችው። ማሽኑ «ዲስክ አላገኘሁም» ከማለቱ በፊት ግማሽ ደቂቃ ያህል ይቆያል፤ በዚያች ግማሽ ደቂቃ ውስጥ ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ አንድ ባንድ ይደረደራል። ከኋላ የኔትወርክ ኬብል ሰክታ ደግማ ብታየው የኬብሉ መብራት ብልጭ ድርግም አለ። አቆመ። ጠበቀ። ደግሞ ብልጭ አለ።

ኮሪደሩን አቋርጣ ፊውዝን እጁን ይዛ አመጣችው።

«እየው! እየደወለ ነው።»

«ማን?»

«ማሽኑ ነዋ! ማንም አያነሳለትም እንጂ፣ እየደወለ ነው።»

ፊውዝ አንዴ ማሽኑን አንዴ እሷን አየና «እትዬ ሃሎ፣ ዛሬ ምሳ በልተዋል?» አላት።

እሷ ግን አልተሳሳተችም። ኢንተርኔት ላይ ፈልጋ አገኘችው። ዲስኩ ባዶ የሆነ ኮምፒውተር ሲነሳ በኬብሉ በኩል «ማነው አድራሻ የሚሰጠኝ? ምን ይዤ ልነሳ?» ብሎ ይጠይቃል። ኔትወርኩ ላይ መልስ የሚሰጥ ሌላ ኮምፒውተር ከተቀመጠለት፣ መጀመሪያ አድራሻ፣ ቀጥሎ ትንሽ ማስነሻ ፕሮግራም፣ ከዚያ ሙሉውን ሊኑክስ በዚያው ኬብል እየተቀበለ ራሱ ላይ ይጭናል። ፍላሽም ሲዲም አያስፈልገውም።

ከዘጠኙ ኮምፒውተሮች ጠንከር ያለውን ለመልስ ሰጪነት መረጠች፤ ሰርቨር ማለት እንግዲህ እሱ ነው። የሊኑክሱን ፋይል ለማውረድ የግቢው ኢንተርኔት ሁለት ቀን ፈጀበት። የአሠራሩ ጽሑፍ እንግሊዝኛ ስለነበር አርባ አንድ ገጽ አትማ ወደ ቤቷ ወሰደች።

ቤቷ ማለት ባሏ ከሞተባት ታናሽ እህቷ ጋር የምትኖርበት ሁለት ክፍል ነው። እህቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ የፊተኛው ክፍል የስፌት መኪና፣ የቁርጥራጭ ጆንያና አንድ ትልቅ የመቁረጫ ጠረጴዛ ይዟል። እትዬ ሃሎ ወረቀቷን በጠረጴዛው ግማሽ ላይ ዘርግታ፣ መዝገበ ቃላቷን ጭኗ ላይ አድርጋ ከሥራ መልስ ታነባለች።

«እትዬ፣ ጡረታሽ አራት ዓመት አይደለም የቀረው?» ትላታለች እህቷ፣ መርፌ በከንፈሯ እንደያዘች። «ምን አስጨነቀሽ? ግምጃ ቤት ይግቡ ካሉ ይግቡ።»

«ደህና ማሽኖች ናቸውኮ። የሚያናግራቸው ጠፍቶ ነው።»

«አይ እንግዲህ! ሰው አልበቃሽ ብሎ ነው?»

አንድ ቀን ገጽ አሥራ ሰባት ላይ ስትደርስ፣ ጠርዙ ላይ «78» የሚል ቁጥር በእርሳስ ተጽፎ አገኘች። የምን ቁጥር ነው ብላ ገጹን ከላይ እስከ ታች ደጋግማ አነበበች፣ ወደ ኋላ ተመለሰች፣ ራሷን ወቀሰች። ግማሽ ሰዓት ከተንገላታች በኋላ እህቷ ቀና ብላ አየችና «ውይ፣ እሱ የደንበኛዬ ወገብ ነው!» አለች። ሁለቱም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

በሰባተኛው ቀን የመጀመሪያው ማሽን ደወለ፣ ሰርቨሩ አነሳለት። ነጠብጣቡ መደርደሩን አቋርጦ ስክሪኑ በጽሑፍ ተሞላ። እትዬ ሃሎ ወንበሯን ይዛ ቆመች። አርባ ደቂቃ ቆይቶ፣ ያ ጥቁር ስክሪን ሰማያዊ ሆኖ ስሟንና የይለፍ ቃሏን ጠየቃት። ፊውዝ በሩ ላይ ቆሞ ሲያይ ነበር። «በሉ እሺ» አለ፣ «ምሳ እኔ ነኝ ያልበላሁት።»

እዚህ ላይ ቆም ብትል ኖሮ ደህና ነበር። ነገር ግን ሊኑክሱ ሲጫን በየመሃሉ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ቋንቋው ምን ይሁን፣ ሰዓቱ የት አገር ይሁን፣ ዲስኩ ይጥፋ ወይ። ሃያ ሦስት ማሽን እየዞሩ ያንኑ ጥያቄ መመለስ አሰለቻት። መልሱን ሁሉ አስቀድማ በአንድ ፋይል ጻፈችና ሰርቨሩ ላይ አስቀመጠችው። ከእንግዲህ የሚደውል ማሽን አንድ ደቂቃ ብቻ ወደ ታች ቆጥሮ፣ ማንንም ሳይጠይቅ ዲስኩን አጥፍቶ ሊኑክስን ይጭናል። በሥራዋ ተደስታ ሻይ ልትጠጣ ስትነሳ መብራት ጠፍቶ ወዲያው ተመለሰ። የግቢው ኮምፒውተር ሁሉ ተዘግቶ እንደገና ተነሳ።

የውስጥ ስልኩ ጮኸ።

«ሃሎ።»

«እትዬ ሃሎ! ኮምፒውተሬ ምን ሆኖ ነው?» ሬጅስትራሩ ነበር፤ የተማሪውን ሁሉ ውጤት የያዘው ሰው። «የማላውቀው ነገር ወጥቶበታል። ሃምሳ አንድ፣ ሃምሳ እያለ ይቆጥራል!»

ወዲያው ገባት። ሰርቨሩ ከግቢው ኔትወርክ ጋር እንደተገናኘ ነው። የሬጅስትራሩ ኮምፒውተር ደግሞ፣ ማን እንዲያ አድርጎ እንዳስተካከለው እንጃ፣ ሲነሳ ከዲስኩ በፊት ኔትወርኩን የሚጠይቅ ኖሯል። ስንት ዓመት ጠይቆ መልስ አጥቶ ወደ ዲስኩ ይሄድ ነበር። ዛሬ አነሱለት።

ድምጿን ሳታነሳ ሳትጥል መለሰች። የማዞሪያ ቤቱ ድምፅ ነው የወጣው። «ጌታዬ፣ ኮምፒውተሩን አሁን ከግድግዳው ይንቀሉት።»

«እንዴት? መጀመሪያ ልዝጋው እንጂ...»

«አይዝጉት። ከጠረጴዛው ሥር ሶኬቱ አለ። ጎንበስ ይበሉና ይንቀሉት። እኔ መስመር ላይ ነኝ።»

ወንበር ሲንፏቀቅ ተሰማ። የሆነ ነገር ወደቀ። ሬጅስትራሩ አቃሰተ። ከዚያ ጸጥ አለ።

«ሃሎ?» አለች።

«ጠፋ» አለ እያለከለከ።

«ምኑ?»

«ስክሪኑ ነዋ! ስነቅለው ሃያ ሁለት ላይ ነበር።»

እትዬ ሃሎ የሰርቨሩን ኬብል ነቅላ፣ ኬብሉን እንደያዘች ወንበር ላይ ዘጭ አለች። ከዚያ ተነስታ ሬጅስትራሩ ቢሮ ሄደች። አብረው ኮምፒውተሩን አስነሱት፤ ውጤቱ አንድም ሳይጎድል አለ። ሬጅስትራሩ ግንባሩ ላይ እብጠት አውጥቷል፤ ሲጎነብስ ከጠረጴዛው ጋር ተላትሞ ነው።

«መብራቱ ነው አይደል?» አላት።

ከኋላ ፊውዝ ደርሶ ነበር፤ እጇን ጎተተና በጆሮዋ «መብራቱ ነው ይበሉ። ማን ያውቃል? እኔም እመሰክራለሁ» አላት።

«መብራቱ አይደለም» አለች እትዬ ሃሎ ድምጿን ከፍ አድርጋ። «እኔ ነኝ። ሃያ ሁለት ሰከንድ ቢቆዩ ኖሮ ሁሉም ጠፍቶ ነበር።» ከዚያም በራሷ እግር ዳይሬክተሯ ቢሮ ገብታ ያንኑ ደገመችው።

ዳይሬክተሯ ሰምታ ስትጨርስ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ጮኻ ቢሆን ይሻል ነበር። «ሥራው ይቁም» አለች ቀስ ብላ። «እንዲህ ያለ ነገር ዳግመኛ እንደማይደርስ ካሳዩኝ፣ ሬጅስትራሩም ካመነ ብቻ ይቀጥላሉ።»

የሳምንቱ መጨረሻ ጨለመባት። ሃምሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ተመሳሳይ ነገር የሚሠሩ ሰዎች ልጆቿ ሊሆኑ የሚችሉ ናቸው፤ ማን ግቢ አላት? እህቷ ግን እንደ ሌላው ጊዜ አልቀለደችባትም። ሻይ ቀድታ አጠገቧ ቁጭ አለችና፣ «እኔ የመጀመሪያዋን የሙሽራ ቀሚስ በመተኮሻ ያቃጠልኩ ጊዜ ምን አልሽኝ?» አለቻት።

«ምን አልኩሽ?»

«ምንም። ጨርቅ ፍለጋ አብረሽኝ ዞርሽ።»

እሑድ ከሰዓት በኋላ እትዬ ሃሎ ወረቀቷን ዘረጋች። መፍትሔው፣ ሲያስቡት፣ ከባድ አልነበረም። ላብራቶሪው የራሱ ኔትወርክ ይኑረው፤ ወደ ውጭ የሚወጣ አንድም ኬብል አይኑረው። ያን ጊዜ ሰርቨሩ ቢያብድ እንኳን ከግድግዳው አያልፍም። በዚያ ላይ ፋይሉን አስተካክላ፣ ዲስኩን ከማጥፋቱ በፊት ሰው ቀርቦ «አዎ» ብሎ እስኪጽፍለት ማሽኑ እንዲጠብቅ አደረገችው። ሃያ ሦስት ጊዜ «አዎ» ማለት ቢያሰለችም ይሰልች።

ፊውዝ ኬብሎቹን ማዘጋጀት ራሱ ላይ ወሰደ። ሦስት ቀን ወለሉ ላይ ተቀምጦ ኬብል ሲቆርጥና ጫፉን ሲያስር፣ ሲቃጠልና ሲበርድ ሰነበተ። ሁሉም ኬብሎች በላብራቶሪው መሃል አንድ ማገናኛ ሳጥን ላይ ተሰኩ። ሐሙስ ዕለት ሬጅስትራሩ ግንባሩ ላይ ፕላስተር ለጥፎ መጣ። የክፍሉን አራት ግድግዳ በእጁ እየዳሰሰ ዞረ፣ ጠረጴዛ ሥር አየ፣ የመስኮቱን ጠርዝ አየ። መጨረሻ ላይ የመጥረጊያ ቁም ሳጥኑን ሳይቀር ከፍቶ ተመለከተ።

«እዚያ ውስጥ ምን ይኖራል ብለው ነው?» አለ ፊውዝ።

«እኔ ምን አውቃለሁ? ባለፈው ጠረጴዛዬ ላይስ ምን አውቄ ነበር?» አለ ሬጅስትራሩ። ከዚያ ወደ እትዬ ሃሎ ዞሮ፣ «እውነቱን ባይነግሩኝ ኖሮ ዛሬ አላምንዎትም ነበር» አላትና ፈረመ።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጀመሩ። ክፍሉ ገና ቀዝቀዝ ብሎ ፀሐይዋ በመስኮቱ በኩል ከመጀመሪያው ረድፍ አላለፈችም ነበር። እትዬ ሃሎ አንድ ባንድ እያበራች ዞረች። ማሽኖቹ ደወሉ፤ ሰርቨሩ እየተቀበለ ለእያንዳንዱ አድራሻውን ሰጠ። እያንዳንዱ ፊት ቆማ፣ ተራ ቁጥሩን አይታ፣ በሁለት ጣት «አዎ» ብላ ጻፈች። ከኋላዋ መስመር በመስመር ጽሑፍ ይወርድ ጀመር። የማሽኖቹ ማራገቢያዎች ባንድነት ሲዞሩ ክፍሉ ውስጥ ዝናብ የሚዘንብ መሰለ።

አሥራ ዘጠነኛው ብቻ አልመለሰም።

«ሞቷል» አለ ፊውዝ።

«ቆይ እስቲ» ብላ ከኋላው ጎንበስ አለች። የኬብሉን ጫፍ ነቅላ ወደ ብርሃን ይዛ ስታየው፣ ከስምንቱ ቀጫጭን ሽቦዎች ሁለቱ ቦታ ተለዋውጠዋል።

«ይሄን ጫፍ ማነው ያሰረው?»

ፊውዝ ጣሪያውን አየ። «ያቺን የሠራሁት ረቡዕ ከምሳ በፊት ነው» አለ። «ከምሳ በፊት የሠራሁት ሥራ አይቆጠርም።» ጫፉን ቆርጦ እንደ አዲስ አሰረው፤ አሥራ ዘጠነኛውም ደወለና ተነሳለት።

ቀን ሰባት ሰዓት ሲሆን ሃያ ሦስቱ ስክሪኖች ሰማያዊ ሆነው ተደርድረው ነበር። መጀመሪያ ዲስኩን ሊያወጡለት የታገሉት ማሽን ብቻ ክዳኑ አልገጥም እንዳለ ጥግ ላይ ቀረ፤ እሱን ለመለዋወጫ አደረጉት። ፊውዝ ዳቦና ሙዝ ገዝቶ መጣ። በማሽኖቹ መሃል ወንበር ስበው፣ ፍርፋሪ እንዳይወድቅ ወረቀት ጭናቸው ላይ ዘርግተው በሉ። እትዬ ሃሎ ሙዙን እየላጠች ክፍሉን ዞር ብላ ታየዋለች። ፊቷ ሲያበራ ፊውዝ አየ።

ፈተናው በቀኑ ተሰጠ፤ አንድ ተማሪ ባንድ ኮምፒውተር። ሬጅስትራሩ በዚያ ሳምንት የራሱን ኮምፒውተር ተሸክሞ መጥቶ «ይቺ ስትነሳ የምትጠይቀውን ነገር ያጥፉልኝ» አላት፤ አጠፋችለት። ዳይሬክተሯም ስለ ሥራው ለሌሎች ማሰልጠኛዎች ጽፋ ኖሮ፣ ወር ሳይሞላ ካንዱ ደብዳቤ መጣ። እነሱም ከዚያው መሥሪያ ቤት አፋቸው የተደፈነ አሥራ ስድስት ኮምፒውተር ተለግሶላቸዋል፤ እባካችሁ ሴትዮዋን ለአንድ ሳምንት አውሱን ይላል።

እህቷ ደብዳቤውን ሁለቴ አነበበችው። ከዚያ ሜትሯን ከአንገቷ አወረደችና፣ «ተነሺ እስቲ፣ ቁሚ» አለቻት። «በዚህ ያረጀ ሹራብ ሰው አገር አትሄጂም። ጃኬት እሰፋልሻለሁ፤ ኪስ ያለው።»

«ስንት ኪስ?»

«ስንት ትፈልጊያለሽ?»

እትዬ ሃሎ አሰበች። «አራት» አለች፤ ክንዷን ዘርግታ፣ ልኳ እስኪወሰድ ቀጥ ብላ ቆመች።